መልከ መልካሙ ኃጢአቴ

ኃጢአትን እንደ ልብስ መርጦ መልበስ እንደሚቻል ያወቅኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። ሁለት ነገር አድርጌአለሁ። ከሁለቱ ሰው ፊት ሊቀርብ የሚችለውን፣ ሲነገር ሰሚን የሚያስለቅሰውን መርጬ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ሌላውን ውስጤ አስቀረሁት። እንዲያውም እንደሌለ ራሴን አሳመንኩ። ይህን የምጽፈው ተሽሎኝ አይደለም፤ አሁንም አልተሻለኝም።

የአማርኛ መምህርት ነኝ። መቀሌ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። እናቴ የወሎ ሰው ነበረች፣ አባቴ የዚሁ አገር ልጅ። እሱ ቀድሞ ሞተና እኔና እናቴ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ወረድ ብላ ባለችው የድንጋይ ቤታችን ሁለታችን ብቻ ቀረን። ባል አላገባሁም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ሥራ ፈት ነው። ከግድግዳችን ወዲያ የምትኖረው ጎረቤቴ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንዲት ልጅ ነበረቻት። የእነሱም የእኛም የንስሐ አባት አንድ ቄስ ናቸው፤ በበዓል ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ከእነሱ ቤት ወጥተው እኛ ቤት ይገባሉ።

ልጅቷን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አስተምሬያታለሁ። ክርክር ትወድ ነበር። ድርሰቷ ላይ በቀይ ካሰመርኩ ደብተሯን ይዛ እቤቴ ድረስ ትመጣና "ቆይ፣ ይሄ ምኑ ነው ስሕተቱ?" ትለኛለች። ግማሹን ጊዜ ልክ የነበረችው እሷ ነበረች። ሐሳቧ እንዳ ኢየሱስ በሚባለው ኮረብታ ላይ ካለው ዩኒቨርሲቲ መግባት ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስኳር በሽታ አለባት። እናቴንም በእርጅናዋ ስኳር ስለያዛት ሁለቱ ይቀላለዱ ነበር፤ እናቴ "ነይ እስቲ፣ የመርፌ ጓደኛዬ" እያለች አጠገቧ ታስቀምጣታለች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና ከተማዋ ተዘጋች። ባንክ የለም፣ ስልክ የለም፣ መብራት ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። መድኃኒት ከነጭራሹ ጠፋ። አንድ ድሮ ያስተማርኩት የጤና ባለሙያ ከመቀሌ ወጣ ብላ ባለችው ቁሓ እንዳለ ሰማሁና በእግሬ ሄድኩ። ነዳጅ ስላልነበረ ያኔ ሁሉም በእግሩ ነው። ሦስት ብልቃጥ ኢንሱሊን ሰጠኝ፤ መሐረብ ውስጥ ጠቅልዬ ጡቴ ሥር ሸጉጬ ተመለስኩ። ፍሪጅ ስለማይሠራ እርጥብ አሸዋ የሞላሁት ማሰሮ ውስጥ ቀብሬያቸው ማሰሮውን ከእናቴ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት።

ወዲያው በሁለተኛው ቀን ጠዋት ጎረቤቴ መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ ግቢ ብላትም ሳትገባ፣ "መምህር፣ ቁሓ ሄዳ ነበር ሲሉ ሰምቼ ነው" አለችኝ። "አንዲት ብልቃጥ ብቻ። ለጓለይ፣ ለልጄ።"

"አላገኘሁም" አልኳት። "ያለችኝ ያቺው የእናቴ ጅምር ናት።"

"ሕራይ፣ ሓፍተይ። እሺ፣ እህቴ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላ ሄደች። እናቴ ከውስጥ ሰምታኛለች፤ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም።

መልከ መልካሙ ኃጢአቴ ይሄኛው ነው። ሴት ልጅ በክፉ ቀን እናቷን መረጠች። ማን ይፈርድባታል? በዚያ ጊዜ ያላጎደለ፣ ያልደበቀ፣ ያልሰሰተ ማን አለ? ሲነገር ያምራል። እኔም በኋላ አሳምሬ ተናገርኩት።

ሌላው ግን እንዲህ ነው። እናቴ ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ያህል ቆየች። የገደላት ስኳሩ አይደለም፤ አንድ ማለዳ ልቧ ቀጥ አለ። ስትሞት ማሰሮው ውስጥ ያልተከፈተች አንዲት ብልቃጥ ቀርታ ነበር። ጎረቤቴ እስከዚያ ድረስ ከየሰዉ የለመነችውን እያብቃቃች ልጇን በግማሽ ልክ ስትወጋት ቆይታ፣ በእናቴ ለቅሶ ሰሞን ያም አለቀባት። ልጅቷ ግን ከለቅሶ ቤቴ አልተለየችም። ከስታ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ወንበር ታቀርባለች፣ ለለቀስተኛው ውኃ ታድላለች፣ ከምታድለውም እሷው ደጋግማ ትጠጣለች። እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። ያ ጥም ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቄ ዐውቃለሁ፤ ስንት ዓመት አስታምሜበታለሁ። ብልቃጧ ከተቀመጥኩበት አምስት እርምጃ አትርቅም። የማስቀምጥላት ሰው የለኝም፤ እናቴ ተቀብራለች።

አላወጣኋትም። ባወጣት ጎረቤቴ "ያኔ አላገኘሁም ብለሽኝ አልነበር?" ትለኛለች ብዬ አፈርኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ውሸታም እንዳልባል። "ትናንት ሰው ከቁሓ ላከልኝ" የሚል ሌላ ውሸት እንኳ አዘጋጅቼ ነበር። ቆይ ለቀስተኛው ይቅለል አልኩ፣ ቆይ ሰልስቱ ይለፍ አልኩ፣ ቆይ ነገ አልኩ። በሰባተኛው ቀን ልጅቷን በጋሪ ጭነው ሆስፒታል ወሰዷት። በማግስቱ አስከሬኗ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከቀብሯ ስመለስ ብልቃጧን ሽንት ቤት ጣልኳት።

ከዚያ በኋላ ስለዚያች ብልቃጥ አላሰብኩም። ስለ መጀመሪያው ጠዋት ግን እያሰብኩ እያለቀስኩ አንድ ዓመት አለፈ። በር ላይ የቆመችው ጎረቤቴ፣ "አላገኘሁም" ያልኩት እኔ፣ ዝም ያለችው እናቴ። ታሪኩን ከዚያ ጠዋት ጀምሬ ልጅቷ ቀብር ላይ እጨርሰዋለሁ፤ መሐሉን እዘለዋለሁ። ተማሪ እንዲህ ያለ ድርሰት ቢያመጣልኝ በቀይ አሰምርበትና "መካከሉ የት ሄደ?" ብዬ እጽፍበት ነበር። የራሴን ግን ማን ያርመዋል? ሳስበውና ሳስበው በእውነትም እንደዚያ የሆነ መሰለኝ። ማሰሮውን ለእህል አዋልኩት።

መንገዱ ተከፍቶ፣ ስልክ ተመልሶ፣ ትምህርት ቤቱ ሲጀምር ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ዛፍ ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተንበርክኬ ነገርኳቸው። እናቴን እንዳስበለጥኩ፣ የጎረቤቴን ልጅ እንደከለከልኩ፣ በእኔ ምክንያት እንደሞተች። ራሴን አልማርኩም፤ ገዳይ ነኝ አልኩ። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ሰሙኝ።

"ጨረስሽ፣ ልጄ?"

"ጨረስኩ፣ አባቴ።"

"ሌላ የለም?"

"የለም።"

ያኔ አለቀሱ። ሽማግሌ ሰው ድምፅ ሳያሰማ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉኝና በጾሙ ወራት በየቀኑ አርባ ስግደትና ዳዊት አዘዙኝ። እኔ እኮ በጣም ንጹሕ ሆኜ ነው የተመለስኩት! መንገድ ላይ ሎሚ ገዛሁ፣ ሰዎችን ሰላም አልኩ። ለአንድ ሳምንት እንቅልፌ ተመለሰ። ከዚያ ደረቴ ላይ ያለው ነገር እንደነበረ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

እንግዲህ ቀኖናው አንሶኝ ነው ብዬ አሰብኩ። አርባውን ስልሳ አደረግኩት፣ ስልሳውን መቶ። ስቅለት ላይ ደግሞ ልማዱ እንደሚታወቀው ነው፦ ወደ ማምሻው ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ይቆማሉ፣ ሕዝቡ ተራ ይገባል፣ ጎንበስ ብሎ ያጠፋውን ይናገራል፣ ካህኑ ጀርባውን በወይራው መታ መታ አድርጎ የስግደቱን ልክ ይነግረዋል። እኔ ሁልጊዜ የማያውቀኝ ወጣት ካህን ፈልጌ የእሱ ተራ ውስጥ እገባለሁ። "ዋሽቻለሁ፣ አምቻለሁ" እለዋለሁ። እሱም ሠላሳ፣ አርባ ይለኛል። ሦስት መቶ ሰግጄ እሄዳለሁ። ጉልበቴ ቆስሎ ቀሚሴ ላይ ደም ያትማል። የሰፈር ሴቶች "ወይ መምህር፣ ምን ዓይነት ብርታት ነው የሰጣት!" ይላሉ። ደስ ይለኝ ነበር። መጻፉ ራሱ ያሳፍራል፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ጎረቤቴ ብቻ አላመሰገነችኝም። እሷ እንደ ወትሮዋ ናት። ውኃ በመጣ ቀን ግድግዳውን መትታ ታስጠራኛለች፣ ጾም ሲፈታ ድርሻዬን ታመጣልኛለች። አንድ ቀን ሳነክስ አየችኝና "ጉልበትሽን ተይው እንጂ፣ ሓፍተይ፤ እሱ ምን አደረገሽ?" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ዘንድሮ ስቅለት ላይ የተሰለፍኩበት ወጣት ካህን መሐል ላይ ተጠርቶ ሄደና ቦታውን ንስሐ አባቴ ያዙት። ከፊቴ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ከኋላዬ ብዙ። መውጣት አልቻልኩም። ጎንበስ አልኩ፤ ወይራው ግን አልወረደም።

"እኔ ያዘዝኩሽ አርባ ነው" አሉኝ በለሆሳስ። "ሦስት መቶ ትሰግዳለች ይሉኛል። ትርፉ የማነው?"

ይበልጥ ጎንበስ አልኩ።

"ልጄ፣ ትርፉ ላልነገርሽኝ ነው?"

ለምን ያን ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም። ድካም ይመስለኛል። እንዳጎነበስኩ፣ የቆሙበትን ስጋጃ እያየሁ፣ "እናቴ ከሞተች በኋላ አንዲት ብልቃጥ ነበረችኝ፤ ልጅቷ ያኔ በሕይወት ነበረች" አልኩ። በአፌ ስለው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ለራሴም ብዬው አላውቅም። ቀና ስል ፊታቸው ላይ ድንጋጤ አላየሁም፤ ያ ገረመኝ። ወይራውን ጀርባዬ ላይ አላሳረፉትም። "ስግደት አላዝሽም" አሉኝ። "ሂጂና ለእናቲቱ ንገሪያት። ከዚያ ወደኔ ነይ።"

አልሄድኩም። ፋሲካ ይለፍ አልኩ። ፋሲካ ሲያልፍ ደግሞ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ፦ ኃምሳው ቀን ጾምም የለበት፣ ስግደትም አይፈቀድ። ክርስቶስ ተነሥቷልና ማንም በጉልበቱ አይወድቅም። ለካ ስግደቱ መደበቂያዬ ነበር። ከሥራ ስመለስ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ ወለሉ ላይ ወርጄ ራሴን የማደክምበት ፈቃድ የለኝም። ቁጭ ብዬ ግድግዳውን አያለሁ፣ ከወዲያ የጎረቤቴን ሳል እሰማለሁ። ጠግቤ እየበላሁ፣ ደስ ይበላችሁ እየተባልኩ፣ ሕይወቴን ጠላሁ። እግዚአብሔር ፊት መቆም እንደማይገባኝ ሳይሆን፣ መቆም እንደማልፈልግ ያኔ ገባኝ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሄድኩ። ጎረቤቴ በረንዳዋ ላይ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች።

"ከመይ ውዒልኪ፣ መምህር? ቁጭ በይ እንጂ።"

አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ ስለ ሌላ ነገር አወራለሁ። እንደቆምኩ ነገርኳት፦ ያን ጠዋት ሦስት ብልቃጥ እንደነበረኝ፣ እናቴ ስትሞት አንዷ እንደቀረች፣ ልጅዋ ቤቴ ውስጥ ውኃ ስታድል ብልቃጧ አልጋው ሥር እንደነበረች፣ ከቀብሩ በኋላ እንደጣልኳት። መሐሉን አልዘለልኩም። እጇ አላቆመም፤ አንዲት ጠጠር ለቅማ ወደ ደጅ ወረወረች።

"ዐውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ሆስፒታል ሳለች ነገረችኝ። ለቅሶሽ ላይ ውኃ ስትፈልግ ማሰሮውን ከፍታ አሸዋው ውስጥ ብልቃጧን አይታታለች። 'መምህር አንድ አላት፤ እናቷ ሞታባት ነውና እንዳትጠይቂያት፣ ራሷ ታመጣልኛለች' አለችኝ። ሐኪሙን ጠየቅኩት፤ ዘግይቷል አለኝ። ዘገየ ብዬ እቀመጣለሁ? ልመጣብሽ ተነሣሁ። ከሆስፒታሉ በር ሳልወጣ ሮጠው ጠሩኝ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ዐውቃ ነበር። እያወቀች ውኃ አቀረበችልኝ። ስታቀርብልኝ ዓይኔን እንዳየችኝ አስታወስኩ፤ ያኔ ኀዘኔን የምታየኝ መስሎኝ ነበር። ስትጠብቀኝ ነበር።

"መጀመሪያ ረገምኩሽ" አለች ጎረቤቴ። "እውነቱን ልንገርሽ። ጠዋት ስትወጪ ኮቴሽን ስሰማ እረግምሻለሁ። ቤትሽን ላቃጥለው አስቤአለሁ። ከዚያ መንገዱ ሳይከፈት ለአባታችን ሄጄ ነገርኳቸው። ሁሉን ነገርኳቸው።"

መንገዱ ሳይከፈት። እኔ የተናዘዝኩት ከተከፈተ በኋላ ነው። ታዲያ ያን ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ አሳምሬ የሠራሁትን ታሪክ ሲሰሙ፣ መሐሉን ዘልዬ ስሄድ፣ "ሌላ የለም?" ብለው ሲጠይቁኝ ሁሉን ያውቁ ነበር። የሰው ንስሐ ነውና ሊነግሩኝ አይችሉም። ያለቀሱት ለእናቴና ለእኔ መስሎኝ ነበር። የዋሸሁት እግዚአብሔር ፊት ብቻ አለመሆኑ፣ በሰው ዓይን ፊት ራቁቴን ሆኜ ልብስ ለብሻለሁ ማለቴ፣ ይሄ ከሁሉ በላይ አዋረደኝ። እሱ ራሱ ያስቀኛል፤ ልጅቷ ሞታ እኔ ያዘንኩት ለመዋረዴ።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለች ጎረቤቴ ሰፌዱን ወደ ጎን አድርጋ። "ካልኩ ቆየ እኮ። አንቺ እስክትመጪ ነው የጠበቅኩት።"

ሰው ይህን ሲሰማ እግር ላይ ወድቆ ይስማል፣ ያለቅሳል። እኔ ተናደድኩ። እርግማኑን ነበር የፈለግኩት። እርግማን ቢሆን ዐውቅበታለሁ፤ ሦስት መቶ፣ ስድስት መቶ እያልኩ እሰግድበታለሁ። "እንዴት ይቅር ትይኛለሽ?" አልኳት፤ ጮህኩባት ማለት ይቻላል። "አይገባኝም!"

"አይገባሽም" አለች። "የሚገባሽ ቢሆንማ ይቅርታ ምን ያደርግልሻል? እኔ አንቺን ተሸክሜ መቁረብ አልቻልኩም፣ ሓፍተይ። ለራሴ ብዬ ነው። እሁድ እቆርባለሁ። አብረሽኝ ሂጂ።"

ተነሥቼ ወጣሁ። እቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ያም ለማን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያች ቀን ጀምሮ በራሴ እንባ አላምንም።

እሁድ ማለዳ በሬን አንኳኳች። ነጭ በነጭ ለብሳለች። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ፤ እንቢ ለማለት ጉልበት አልነበረኝም። እኔ የመቁረብ ፈቃድ የለኝም፤ ንስሐ አባቴ ጋ ገና አልተመለስኩም። ቅዳሴውን ከሴቶቹ ኋላ ግድግዳ ተደግፌ ሰማሁ። ስለ ይቅርታ ሲባል ሁሉ ጆሮዬ ይሰማል፣ ከዚያ አያልፍም። ለሌላ ሰው የሚነገር ነው የሚመስለኝ። ጎረቤቴ ከሕፃናቱና ከአሮጊቶቹ ጋር ወደፊት ስትሄድ አየኋት፤ የእሷ ልጅ ብትኖር ስንት ዓመቷ እንደሚሆን አስልቼ ግንባሬን ግድግዳው ላይ አደረግኩ።

ቆርባ ስትወጣ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ የቆረበ ሰው አይናገርም። ስለዚህ ምንም አላለችኝም፣ እኔም እንድመልስላት አልተጠበቀብኝም። አጠገቤ መጥታ ቆመችና እጄን ያዘችኝ። መዳፏ ሻካራና ሞቃት ነው። በዚያ እጅ ነው ልጇን ስትወጋት የኖረችው። ሰው እያየን፣ በገበያው በኩል፣ እጄን እንደያዘች ወደ ሰፈራችን ወረድን። በየደቂቃው ልነጥቃት አሰብኩ። አልነጠቅኳትም። እስከ ዛሬ የቻልኩት ይህን ብቻ ነው።